በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት

የምክር ዓምድ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ምድር ላይ አንዲት ትንሽ ካፌ አለች። የከፈተቻት ሴትዮ ዓረብ አገር ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች ናት። ያጠራቀመችውን ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያፈሰሰችው።

ከጥቂት ወራት ወዲህ እኛ ጎረቤታሞች ሐሙስ ሐሙስ ማታ እዚያ እንገናኛለን። ማንም አስቦበት አይደለም። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ስንወርድ ተገናኘን፤ ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ እንቀመጣለን። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከሳምንቱ እንደዚያ ማታ የምወደው የለም። ለዓመታት ደረጃ ላይ «ደህና አደሩ» ብቻ የምንባባለው ጎረቤቴ እንዲያ ተጫዋች መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው።

ችግሩ ይኼውልዎት። ሰሞኑን አስተናጋጇ ለአንዷ ጎረቤታችን የሁለት ወር ኪራይ እንዳልተከፈለ ሹክ አለቻት። ሴትዮዋ ለእኛ ምንም አላለችም። እንደ ድሮዋ እየሳቀች ነው የምትቀበለን። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ማኪያቶው አልዋጥልሽ ብሎኛል። ዘጠኝ አሥር ሆነን እንሄዳለን፣ በ60 ብር አንድ አንድ ማኪያቶ እናዛለን፣ አምሽተን እንነሳለን።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ጎረቤታችን «መዋጮ እናውጣላት» ይላሉ። ሌላዋ ደግሞ «ከዚህ ሁሉ በየቤታችን በተራ ቡና እናፍላ፤ ወንበሯንም እንልቀቅላት» ትላለች። ባለቤቴ ይባስ ብሎ «ሴትዮዋ እየከሰረች እናንተ ትስቃላችሁ» እያለ ያበሽቀኛል። መሄዴን ልተው? ወይስ ምን ባደርግ ይሻላል?

ከሦስተኛ ፎቅ»

እህቴ ከሦስተኛ ፎቅ፣

መሄድሽን አትተዪ። የቀረው እንዴት ብትሄዱ ይሻላል የሚለው ነው። እሱ ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ።

ከመሳቀቅሽ እንጀምር። ሐሙስ ማታ እናንተ ተቀምጣችሁ ሳለ ቦታ አጥቶ የተመለሰ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ካላየሽ ወንበሯን አልያዛችሁባትም። ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ኪራይ አይቀነስላትም። ማሽኑ ሰው ኖረም አልኖረም እንደጋለ ነው የሚውለው። አምፖሉ ይበራል፣ አስተናጋጇም ትቆማለች። ዘጠኝ ማኪያቶ ከባዶ ካፌ ይሻላል።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ካፌ የገንዘብ ማሽን ይመስላል። አንድ ስኒ የማሽን ቡና የሚወስደው 7 ግራም ገደማ የተፈጨ ቡና ነው። ብክነቱን ካልቆጠርን ከአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና 140 ስኒ ይወጣል። ሰው ይህን በጣቱ ያሰላና «ታዲያ ምን ጎደላት?» ይላል። ወጪው ግን ያለው ከስኒው ውጪ ነው። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። ወተት አያድርም። ያልተሸጠ ኬክ ይጣላል። ቧንቧ ሲደርቅ ውሃ በጄሪካን ይገዛል። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፤ መብራቱ መጥቶ እስኪግል ደግሞ ደንበኛው ሄዷል። ይኼ ሁሉ ሆኖ ኪራይ ገና አልተነሳም።

ኪራዩ ላይ ትንሽ ልቆይ። መቼም ኮንዶሚኒየም ውስጥ እየኖርሽ ይህን ሳትሰሚው አትቀሪም፤ መኖሪያዎቹ በዕጣ ሲተላለፉ፣ ምድር ላይ ያሉት የንግድ ቤቶች የተሸጡት በጨረታ ነው። ከተጫራች ጋር ተናንቆ የገዛ ሰው ያወጣውን መመለስ ይፈልጋል። መመለሻው ደግሞ ተከራዩ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የመኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅና ካፌን አይመለከትም። ፎቅ ላይ ላለ ተከራይ የደረሰው ሕግ ምድር ላይ ላለችው ባለካፌ አይደርስላትም።

በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለስኳሩ፣ ለዘይቱ፣ ለማሽኑ መለዋወጫ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ከወጥ ቤትሽ ታውቂዋለሽ። በ2017 ደግሞ ዓረቢካ ቡና በዓለም ገበያ ታይቶ ወደማይታወቅ ዋጋ ወጣ። ላኪውን ደስ አሰኝቶታል። እዚሁ ቆልቶ የሚሸጠውን ግን እንቅልፍ ነስቶታል።

ይህን ሁሉ የምደረድረው ሴትዮዋ እናንተ አንድ አንድ ስላዘዛችሁ አልከሰረችም ለማለት ነው። የከሰረችበትን ምክንያት በእናንተ ጠረጴዛ ላይ አትፈልጉት።

አንድ ነገር ግን ይጣራ። በሌላው ቀን በስንት ሰዓት ነው የምትዘጋው? 2 ሰዓት ላይ እየዘጋች ሐሙስ ብቻ ለእናንተ ብላ እስከ 3 የምታመሽ ከሆነ፣ ያቺ አንድ ሰዓት የእናንተ ዕዳ ናት። ዕዳው የመብራት ብቻ አይደለም። አስተናጋጇ የት ነው የምትኖረው? ሰሚት በ3 ሰዓት ታክሲ እንደልብ የሚገኝበት ሰፈር አይደለም። ልጅቷ በጨለማ ቆማ ታክሲ እየጠበቀች እናንተ ደረጃ ወጥታችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። እንግዲህ ወይ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፣ ወይ ለልጅቷ የታክሲዋን እየተዋችሁ ውጡ። ስለ ባለካፌዋ የምትጨነቁትን ያህል ስለ አስተናጋጇ የጻፍሽልኝ ነገር አለመኖሩን ሳልታዘብ አላለፍኩም።

አሁን ወደ መምህሩ ሐሳብ። ክፉ አላሰቡም። እኛ አገር ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚመጣልን መዋጮ ነው። ለቀብር፣ ለሕክምና፣ ቤቱ ለተቃጠለበት እናዋጣለን፤ ደግም ነው። እነዚህ ግን አንዴ ሆነው የሚያልፉ ነገሮች ናቸው። ኪራይ አያልፍም። የዚህን ወር ብትከፍሉላት የሚቀጥለው ከ30 ቀን በኋላ በር ላይ ነው። ያኔስ? ሁለተኛ ዙር መዋጮ? በሦስተኛው ዙር ስንቶቻችሁ ትቀራላችሁ?

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሴትዮዋ እየሳቀች ትቀበላችኋለች፣ ችግሯን አልነገረቻችሁም። ይህን የመረጠችው እሷ ናት። ዓረብ አገር በሰው ቤት የሠራች ሴት አገሯ ገብታ የራሷን በር ስትከፍት፣ በዚያ በር ላይ እሷ እመቤት ናት። እናንተ ፖስታ ይዛችሁ ስትገቡ ግን በአንድ ጊዜ ተረጂ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ማታ ስትስቅ፣ ሳቁ ከልቧ ይሁን ከይሉኝታ አታውቁም። እሷም ሒሳብ ስትቀበላችሁ ትሳቀቃለች። አንድ ጎረቤት «ተወው፣ ካንተስ አልቀበልም» የተባለ ቀን ደግሞ ንግዱም ጨዋታውም አበቃ።

መምህሩ የማሰባሰብ ፍላጎት ካላቸው ዕቁብ ያሰባስቡ። ከልቤ ነው የምለው። አሥር ሰው በየሳምንቱ አንድ ቦታ የሚገናኝ ከሆነ ዕቁቡ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ባለካፌዋም ከፈለገች እንደማንኛችሁም አባል ትሁን። ዕጣው ገና ሳይወጣ «የመጀመሪያውን ለእኔ ስጡኝ» ብሎ መጠየቅ በዕቁብ ያለ ነገር ነው፤ ማንም አያፍርበትም። ብሩን ወስዳ ኪራይዋን ብትከፍል የወሰደችው የራሷን ገንዘብ ነው፤ በየሳምንቱ እየጣለች ትመልሰዋለች። ዕጣ የወጣለት ሰው መጋበዙም አይቀርም። የሚጋበዘው ደግሞ እዚያው ነው።

ይህን የምለው ግን ሳምንታዊውን መጣል የምትችል ከሆነ ብቻ ነው። በሁለት ወር ኪራይ ላይ የዕቁብ ዕዳ መጨመር መርዳት አይደለም። ስለዚህ ዕቁቡን «ላንቺ ብለን ነው» ብላችሁ አትጀምሩት። ለራሳችሁ ጀምሩት። እሷ ሰምታ ልግባ ካለች ትግባ፣ ዝም ካለችም ዝም በሉ።

በየቤታችን እናፍላ ያለችው ጎረቤትሽ ቅን ሰው ትመስለኛለች። ቡና የሚፈላበት ቤት ያሳደገው ሰው ይህን ሐሳብ መጥላት አይችልም። ግን እስቲ አስቢው። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ የሚቆላው ማነው? ቤቱን ቀድማ የምታጸዳው፣ ፈንዲሻ የምታፈካው፣ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብድግ የምትለው፣ ሰው ሲሄድ ስኒ የምታጥበው? ከሥራ 12 ሰዓት ገብታ ነው ይህን ሁሉ የምታደርገው። አንዷ ስቱዲዮ ውስጥ ትኖራለች፤ አሥር ሰው የት ታስቀምጥ? ሌላዋ ተከራይ ናት፤ አከራይዋ «ምን ሰው አበዛሽ» ይላታል። አንዷ ደግሞ አማቷ ታመው ተኝተዋል። በሁለት ወር ውስጥ ተራቸውን ማድረስ የማይችሉ ሰዎች ይበዛሉ፣ እነሱም አፍረው መምጣት ይተዋሉ።

ሌላም አለ። ቤት ለቤት ቡና በአብዛኛው የሴቶች ነው። ወንዶቹ ግሮሰሪ ይሄዳሉ። የእናንተ ሐሙስ የሚጥመው ጡረተኛው መምህርም፣ አንቺም፣ ያ ተጫዋች ጎረቤትሽም አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለምትቀመጡ ነው። ለማንም ቤት አጽዱልኝ ሳትሉ፣ ማንንም ሳታስቸግሩ። ከቀበሌ ቤት ተነስቶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ስንት ጊዜ «ጎረቤት የለኝም» ሲል ሰምተናል! በዕጣ ፎቅ ለፎቅ የተደለደለ ሰው አጥር ላይ ቆሞ ማውራት እንኳን ያጣል። አጥሩስ የት አለና። በየጊዜው ሰፈር በፈረሰ ቁጥር አብሮ የሚፈርስ የቡና ጓደኝነት አለ። እናንተ መብራት ጠፍቶ ያገኛችሁትን ነገር በቀላሉ አትልቀቁት።

እንግዲህ መሄዱ ከተስማማን፣ ስለ ሒሳብ እናውራ። በኔ ግምት ትልቁ ችግራችሁ እዚህ ነው፤ ምንም እንኳ አንቺ ባትጽፊውም።

ሒሳብ ሲመጣ ምን ይሆናል? መቼም «እኔ ልክፈል፣ አንተ ተው፣ በሞቴ፣ እኔ ልሙት» የሚባል ትግል አለ። አንዱ አሸንፎ የሁሉንም ይከፍላል። ዘጠኝ ማኪያቶ በ60 ብር 540 ብር ነው። ለደመወዝተኛ የሚሰማ ገንዘብ ነው። ያ ሰው በሚቀጥለው ሐሙስ «ሥራ በዝቶብኝ» ብሎ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ሌላ ሰው ሊከፍል እንደሚችል ስለሚያውቅ ሳምቡሳ ማዘዝ ያፍራል። «እኔ አንድ ማኪያቶ ይበቃኛል» ይላል፣ እየራበው። አየሽ፣ አንድ አንድ ብቻ የምታዙት ሆዳችሁ ስለጠገበ ላይሆን ይችላል። ግብዣውን ፈርታችሁ ይሆናል። በደግነታችሁ ካፌዋን ጎዳችኋት ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ የሚከብደው መጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ሁሉም የራሱን ይክፈል። ለዚህ አንድ ደፋር ሰው ያስፈልጋል፤ ደብዳቤ የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ አንቺ ሁኚ። ገና ስትቀመጡ፣ ሒሳብ ሳይመጣ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ የራሴን ነው የምከፍለው፤ መጋበዝ የፈለገ በልደቱ ይጋብዘኝ» በይ። ይስቃሉ። ከዚያ ለአስተናጋጇ በቴሌብርም ይሁን በካሽ የራስሽን ስጪና ዝም በይ። ሁለት ሐሙስ ይበቃል፣ የቀረው ይከተላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የተባለው ይኼንን ይመስላል። ሰው የራሱን ሲከፍል ነው እንደ ልቡ የሚያዘው።

ማዘዝን በተመለከተ፣ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ሁለት ጊዜ ቢያዝ ደንብ ነው። ሁለት ማኪያቶ ጠጥተሽ ሌሊቱን ጣሪያ እያየሽ እደሪ አላልኩሽም። ሲገቡ ማኪያቶ፣ መሐል ላይ ሻይና ሳምቡሳ፣ ወይ አንድ ቁራጭ ኬክ ለሁለት። የቸገረው ሰው ካለ ደግሞ አንድ ሻይ ይጠጣ፤ ማንም አይየው፣ ማንም አይቁጠርበት። ይህን ወደ ሕግ ከቀየራችሁት ያ ሰው ይቀራል፣ እሱ ከሚቀር ደግሞ ሳምቡሳው ይቅር።

አሁን የምለው ትንሽ ያስከፋ ይሆናል። ከዘጠኛችሁ መሐል ዱቤ ያለበት ስንት ነው? «ጻፊልኝ፣ ወር ሲደርስ» እያለ ጠዋት ጠዋት ዳቦና ሻይ የሚወስድ? ልጁን «ሂድና ኬክ አምጣ፣ በኋላ እከፍላለሁ በላት» ብሎ የላከ? የሰፈር ካፌ ከኪራይ ቀጥሎ የሚገድለው ይኼ ነው። ብዙ ሱቅ «ዛሬ በካሽ፣ ነገ በዱቤ» የሚል ወረቀት የሚለጥፈው ለቀልድ አይደለም። እሷ ደግሞ ጎረቤት ስለሆናችሁ አትጠይቃችሁም። እንግዲህ መዋጮ ከማሰባችሁ በፊት ሁሉም ሰው ደብተሩ ላይ ያለውን ይዝጋ። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ፣ በስብሰባም ሳይነሳ። አንቺ ካለብሽ ነገ ጠዋት ወርደሽ ክፈይ። ለቅርብ ጓደኛሽም በጆሮዋ ንገሪያት። የዱቤው ደብተር ሲዘጋ የሁለቱ ወር ኪራይ ግማሹ ከዚያ ቢወጣ አይግረምሽ።

ሌላው፣ ለልጃችሁ ልደት ኬክ የምታዙት ከየት ነው? ከቦሌ እያስመጣችሁ ከሆነ ምን ልበላችሁ። ካፌ ደህና የሚያገኘው ታዝዞ ከሚሄድ ነገር ነው፤ የልደት ኬክ፣ ለክርስትና ሃምሳ ሳምቡሳ፣ ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ብስኩትና ሻይ። ቀብድ ትቀበላለች፣ ስንት እንደምትሠራ ታውቃለች፣ የሚጣል የለም። አንድ ብሎክ ውስጥ በዓመት ስንት ልደት፣ ስንት ምርቃት እንዳለ አስቢው። ኬኳ የማያምር ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትግዟት፤ «ክሬሙ በዛ» በሏት። የሚያሻሽላት ደንበኛ ነው፣ አዛኝ አይደለም።

ቀኑንም ጠይቋት። ሐሙስ የተመረጠው መብራት ስለጠፋ ነው፤ ለእሷ የሚመቻት ቀን ሌላ ሊሆን ይችላል። ረቡዕና ዓርብ ማታ ካፌዋ ምን እንደምትመስል አይተሻል? ጾም ነው፤ ማኪያቶ የለም፣ የቅቤ ኬክ የለም፣ ደንበኛው በግማሽ ይቀንሳል። ሁዳዴ ሲገባማ 55 ቀን ሙሉ እንዲሁ ነው። እናንተ ረቡዕ ማታ ብትመጡና ስፕሪስ፣ የለውዝ ሻይ፣ የምስር ሳምቡሳ ብታዙ፣ የሞተ ማታዋን አስነሳችሁላት። በ2017 ሁዳዴና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። እንዲህ ሲገጥም ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ አፍጥረው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው ሲወርዱ የእናንተም ጾም ሳምቡሳ አብሮ ይቀርባል፤ ማታው ይረዝማል፣ ጠረጴዛውም ይሞላል። ምናልባት ሐሙስ ይሻለኛል ትላችሁ ይሆናል። ያኔ ሐሙስ ይሁን። ዋናው ከእሷ አፍ መስማቱ ነው።

እንዴት ትጠይቂያታለሽ? የኪራዩን ነገር እንዳትነካኪ። አስተናጋጇን እንጀራዋን ታሳጫታለሽ። ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ ወርደሽ «የኔ እናት፣ ሐሙስ ሐሙስ አሥር ሆነን እየመጣን እናጣብብሻለን። የሚሻልሽ ቀን ወይ ሰዓት ካለ ንገሪን፣ እንደሱ እናደርጋለን» በያት። ይኼ ደንበኛ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ምናልባት «ኧረ ምን ገዶኝ፣ ኑ ብቻ» ትልሻለች። ሁለተኛ ጠይቂያት፤ የመጀመሪያው መልስ የይሉኝታ ነው። ከሁለተኛው በኋላ አትጨቅጭቂያት። የከበዳትን ልትነግርሽ ከፈለገች በሩን ከፍተሽላታል። ካልፈለገችም ተያት።

አሁን ወደ ደስታው እንምጣ፤ አንቺ ከልብሽ የጻፍሽው እሱን ነውና። ማታውን የሚያበላሽ ትልቁ ነገር የካፌዋ ኪራይ አይደለም። የብሎክ ስብሰባ ነው። ጎረቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሮቶው ጉዳይ ይነሳል። ቀጥሎ የጥበቃው ክፍያ፣ ቀጥሎ «ከአራተኛ ፎቅ ውሃ የሚደፋው ማነው?» ይመጣል። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ይሄዳል። ይህን ለእሁድ ስብሰባ ተዉት። «ሮቶ» የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው ለጠረጴዛው ቆሎ ይግዛ ብትሉ አይከፋም።

ዳማ አምጡ። በቆርኪ የሚጫወቱት ዓይነት፣ ሰሌዳው ካርቶን ቢሆንም ግድ የለም። መምህሩን እዚያ ላይ አስቀምጧቸው፣ ከመዋጮ ይልቅ ይስማማቸዋል። ዳማ ተመልካች ይሰበስባል፤ የሚመለከት ሰው ደግሞ ሻይ ያዛል። ልጆቹ ፈተናቸው ካላለቀ የሚያጠኑበት አንድ ጠረጴዛ ስጧቸው። ከታች ፎቅ ብቻዋን የምትኖር ተከራይ ካለች በሯን አንኳኩና ጥሯት፤ ተከራይ በብሎክ ጉዳይ የሚጠራው የለም፣ ለሻይ ግን ማንም ይጠራል። ቴሌቪዥኑ ዝቅ ይበል። ስለ ፖለቲካ ምን እናድርግ ብትዪኝ፣ እኔ አልከለክልም። እናንተ ግን ተዋወቁ፤ ማን የት እንደሚቆስል እስክታውቁ ጊዜ ይወስዳል።

ሳቃችሁን ደግሞ አትቀንሱ። ለከሰረች ሴት የደንበኛ ሳቅ ከዕቃው ሁሉ ያነሰ ነገር አይደለም። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ጭር ያለ ካፌ አይገባም። ሰው ያለበት ካፌ ያያል፣ ቆም ይላል፣ ይገባል። እናንተ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ።

ይኼ ሁሉ ተደርጎም ልትዘጋ ትችላለች። ሐሰተኛ ተስፋ አልሰጥሽም። አሥር ጎረቤት በሳምንት አንድ ማታ አንድ ካፌ አያቆምም፤ ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ዳቦና ሻይ ካልገዛት፣ አከራይዋም ካልታገሳት በስተቀር። ካፌዋ ብትዘጋ ሴትዮዋ የሠራችው ጥፋት የለም፣ የእናንተም የለም። ያኔ አብራችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ እሷንም እንደ ደንበኛ ይዛችኋት ሂዱ። ብዙ ጊዜ ስታስተናግድ እንጂ ስትስተናገድ አላያችኋትም።

ስለ ባለቤትሽ ትንሽ ልበል። «ሴትዮዋ እየከሰረች እናንተ ትስቃላችሁ» የሚለው ሰው ካፌዋ ውስጥ ስንት ጊዜ ተቀምጧል? ከደብዳቤሽ እንደሚመስለኝ አንዴም። የሚመጣው ሐሙስ ይዘሽው ውረጂ። አንድ ጠቆር ያለ ማኪያቶ፣ አንድ ሳምቡሳ ይዘዝ፣ ከመምህሩ ጋር ዳማ ይጫወት። የራሱን ሒሳብ ግን ራሱ ይክፈል፤ በሞቴ ቢልሽም እሺ እንዳትዪው።